ቤቻን ታኩርና አባቱ ሳይሞት የተላጨው ልጅ

በታራይ ቆላ፣ ካዳም ቾክ ገበያ ውስጥ የቤቻን ታኩርን ቁጣ ያልቀመሰ ሰው የለም። ሻይ ቀዝቅዞ ከመጣለት ይቆጣል፣ መብራት ከጠፋ ይቆጣል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ካወዛወዘማ አለቀለት። "አንተ ሰውዬ፣ የያዝኩት እኮ ምላጭ ነው! ጆሮህን እዚህ ጥለህ መሄድ አማረህ?" ይላል። ሰው ይስቃል። አፉ እንዲህ ይሁን እንጂ እጁ የሌላ ሰው እጅ ነው፤ የማይቸኩል፣ ሕፃን እንኳ የማያስለቅስ። ሚስቱ "እኔ ያገባሁት እጅህን ብቻ ነው፤ አፍህ አብሮ መምጣቱን ማን ነገረኝ" ትለዋለች።

በዚያ ዓርብ የተቆጣው ቁጣ ግን የዋዛ አልነበረም። ዛሬም ሲወራ ደም ያፈላል።

ቤቻን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቱ ገበያው ስሙን ባገኘበት የካዳም ዛፍ ሥር ጡብ ላይ አስቀምጦ ነበር ሰው የሚላጨው። እሱ በቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ሁለት ወንበርና ትልቅ መስታወት አስገባ። የታኩር ዘር፣ የፀጉር ቆራጮቹ ዘር፣ ሥራው ደግሞ ፀጉር ብቻ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ የመጀመሪያ ፀጉሩን የሚላጨው እሱ ነው፤ ሙሽራ ሲዳር ጥፍሩን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ሰው ሲሞት መርዶውን ከቤት ቤት የሚያደርሰውም፣ በአሥረኛው ቀን ኩሬው ዳር የሟቹን ወንዶች ልጆች አስቀምጦ ራሳቸውን ሙልጭ አድርጎ የሚላጨውም እሱው ነው። አናታቸው ላይ ከኋላ ትንሽ ቁንጮ ብቻ ይተውላቸዋል። እንዲያ ያለ ራስ በመንገድ ያየ ሰው ምን ሆነህ ብሎ አይጠይቅም፤ አባት ወይም እናት ሞቷል ማለት ነው። አባቱ በሕይወት ያለ ልጅ እንዲያ ሆኖ ቢታይ ሟርት ነው፤ አባትን በቁሙ መቅበር ነው።

ታዲያ ይኸው ሰው ነው፣ ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት፣ እንደ አጎት ካካ የሚሉት ልጆች ስልካቸውን ይዘው መጥተው "ካካ፣ እንዲህ ይቁረጡን" ያሉት። ሥዕሉን አየው። ጎንና ጎኑ ያጠረ፣ መሃሉ ከግንባር እስከ ማጅራት የቆመ ፀጉር ነው። ፎሃክ አሉት።

"ይሄ ፀጉር ነው ወይስ የተቆጣ ድመት?" ብሎ አባረራቸው።

አባረራቸው እንጂ አልተወውም። ሳምንቱን ሙሉ ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግቶ በልጁ ስልክ ቪዲዮ ሲያይ ሰነበተ። መጀመሪያ የሞከረው በአማቹ ላይ ነው፤ ምስኪኑ ሰውዬ ሁለት ወር ሙሉ ኮፍያ አድርጎ ዞረ። ከዚያ ገባው። ሰዉ ሁሉ የሚሳሳተው ጎኑን በአንድ የቶንዶስ ቁጥር ጨርሶ መሃሉን እንደ አጥር መተዉ ላይ ነበር። ቤቻን ታችውን በቁጥር ሁለት ይጀምርና ወደ ላይ ሲወጣ ቶንዶሱን እያቀለለ፣ ቁጥር እየጨመረ፣ አጭሩ ረጅሙ ውስጥ እንዲጠፋ ያደርገዋል። መሃሉን ሁለት ጣት ያህል ይተዋል፤ ግንባር ላይ ትንሽ ረዘም፣ ወደ ኋላ እየቀነሰ። በመጨረሻ ፀጉሩን በጣቶቹ መሃል እየያዘ በመቀስ ጫፍ ጫፉን ይነክሰዋል፤ ልክ ከሆነ ያለ ብዙ ቅባት ይቆማል። "በቅባት ብዛት የሚቆም ፀጉር የኔ ሥራ አይደለም፤ ሂድና ሌላ ጋ ተለጠፍ" ይላል። ከአጎራባች መንደር ሁሉ ልጆች በብስክሌት ወደሱ ይመጡ ጀመር።

ፑሽካር ማንዳል የመጣው ከዚያ ዓርብ በፊት ባለው ረቡዕ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ዝምተኛ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። አባቱ ሻምቡ ኳታር ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሕንፃ ላይ ብረት ያስራል። ዓርብ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በቪዲዮ ይደውላል።

"አባዬ ነው ያዘዘኝ" አለ ልጁ ወንበሩ ላይ እየተስተካከለ። "ጓደኞችህ የሚቆረጡትን ተቆረጥና ዓርብ አሳየኝ፤ ሰውም መስለህ ፈተና ግባ አለኝ።"

"ሰውም መስለህ? እስካሁን ምን መስለህ ኖረሃል ብሎ ነው? አቀርቅር፣ ባቡ" አለው፤ ወንድ ልጅን ሁሉ ባቡ ነው የሚለው።

አርባ ደቂቃ ፈጀበት። የልጁ ፀጉር ጥቁርና ወፍራም ነው፤ አናቱ ላይ ፀጉሩ በሁለት ቦታ ስለሚሽከረከር መሃሉ ወደ ግራ ይጋደማል። ቤቻን እየተሳደበ፣ እያረጠበ፣ በግራ በኩል ቀጭን አድርጎ እየቀነሰ አቃናው። ሲጨርስ ልጁ መስታወቱን አይቶ ጆሮው ድረስ ፈገግ አለ። ቤቻን ያንን ፈገግታ አይቶ ፊቱን አዞረ። ደስ ሲለው ሰው እንዲያየው አይወድም።

ሐሙስ ጠዋት ምን ሆነ? የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቪድያናንድ ጃ ተማሪዎቹን በሰልፍ አቆመ። ከመዝሙሩ በኋላ ቶንዶስ ከኪሱ አወጣ። የገዛ ራሱን ቶንዶስ! "ትምህርት ቤት የዶሮ ቤት አይደለም" አለና አሥራ አንድ ልጆች መርጦ ከሰልፉ አስወጣ። የእያንዳንዱን አንገት በግራ እጁ ወደ ታች ደፍቆ ከግንባር እስከ ማጅራት መሃል ለመሃል ቆዳው እስኪታይ አንድ መንገድ አወጣበት። አሥራ አንድ ልጅ! የአንዱንም ፊት አላየም፤ ራስ ብቻ ነበር የሚያየው። ሦስት መቶ ተማሪ ቆሞ ያያል። ሴቶች ልጆች ያያሉ። ከልጆቹ አንዱ አለቀሰ፤ አንዱ ሳቀ፤ ፑሽካር ግን መሬት መሬት እያየ ቆመ።

"ነገ የማጣሪያ ፈተና ነው" አለ ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ከቶንዶሱ ላይ እፍ እያለ። "አሥራ አንዳችሁም ራሳችሁን ሙልጭ ተላጭታችሁ ትመጣላችሁ። ያልተላጨ በር አይገባም።"

ፑሽካር የጓደኛውን ኮፍያ ለብሶ ወደ ቤቻን መጣ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ቤቻን መቀሱን መደርደሪያው ላይ ወረወረው።

"ማን ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገው? በሬ ነው ወይ በራስህ ላይ ያረሰው?"

"ዳይሬክተሩ።"

"በምን እጁ? በየትኛው እጁ? እኔ አርባ ደቂቃ የለፋሁበትን! ፀጉር እንዲህ ይነካል? ዕቃ ነው? ሣር ነው? አይ ቪድያናንድ!"

ልጁ ያሰበው ሌላ ነው። "ካካ፣ ነገ ካልተላጨሁ አልፈተንም። ማጣሪያውን ካልወሰድኩ ደግሞ ዓመቱ አለቀ።" ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለእማዬ አልነገርኳትም" አለ።

ቤቻን ኮፍያውን መልሶ አደረገለት። የልጁን እናት ያውቃታል። ቢንዱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ የምትል ሴት ናት። ባለፈው ክረምት የጎረቤቷ ልጅ ከዚያው ከኳታር በሣጥን ተጭኖ መጥቷል። እና ልጇ ራሱን ተላጭቶ በበሩ ቢገባባት? ቤቻን ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ተነስቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

ዳይሬክተሩን ቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ አገኘው። ዕድሜው የቤቻንን ታናሽ ወንድም ያህላል።

"አሃ፣ አንተ ነህ የልጆቼን ጭንቅላት ያበላሸኸው!"

አንተ አለው። ቤቻን ዋጥ አደረጋት። "ጌታዬ፣ ቅጣትዎን ቀጥተዋል። የማንዳልን ልጅ ግን እንዲላጭ አያስገድዱት። አሳጥሬ አስተካክለዋለሁ። አባቱ ሩቅ አገር ነው ያለው።"

"አባቱ ሩቅ ስላለ ሕግ አይነካውም?"

"እርስዎስ ያውቁት የለም? አባቱ በሕይወት ያለ ልጅ ተላጭቶ ሲታይ ሰው ምን ይላል? እናቱስ ምን ትሆናለች?"

"ይሄ አጉል እምነት ነው። እኛ እዚህ ሳይንስ ነው የምናስተምረው። ሂድ ሥራህን ሥራ።"

ሳይንስ! ይህን የሚለው ሰው የቤተሰቡን ቁንጮ ከኋላው ቋጥሮ፣ የካህናት ዘሩን የሃይማኖት ክር በደረቱ አጥልቆ ነው። የገዛ አባቱ የሞተ ጊዜ ቤቻን ራሱ ነው ኩሬው ዳር አስቀምጦ የላጨው፤ ያን ጊዜ ሳይንሱን የት አስቀምጦት ነበር? ቤቻን ይህን ሁሉ ሊለው ፈልጎ ሳይለው ቀረ። አሥረኛ ክፍል ድረስ የደረሰ የታኩር ልጅ በዚያ ሰፈር የለም፤ እሱም ፊደል የቆጠረው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲቆም ያ አፉ ይከዳዋል። ተመልሶ መጣ። መንገዱን ሙሉ ግን ለራሱ ሲሳደብ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጁን ያንኑ ኮፍያ እንዳደረገ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ቤቻን የመጨረሻ ሙከራውን ሞከረ። ዙሪያውን በቁጥር አንድ አወረደው፣ ከዚያ የቁጥሩን ማበጠሪያ አውልቆ በባዶ ቶንዶስ ሄደበት። አልሆነም። ዳይሬክተሩ ቆዳ ድረስ ስለወረደ መንገዱ ነጭ ሆኖ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ፤ ፈተናው አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል።

"ካካ፣ ይላጩኝ በቃ። እባክዎ።"

"ዝም በል።"

"በሩ ይዘጋብኛል!"

ቤቻን ምላጩን አነሳ። የልጁ ራስ ላይ ውሃ አፈሰሰ፣ ሳሙና ቀባው፣ ጀመረ። ዓይኑ ከንዴት ብዛት ውሃ ሞልቶ ነበር፤ አፉ ከቪድያናንድ አንስቶ እስከ ሰባት ቤት ዘሩ ይራገማል። እጁ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት የሄደበትን መንገድ ያውቃል፤ ብቻውን ሄደ። በስምንት ደቂቃ አለቀ። ልጁ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ፣ እርሳሱን ይዞ፣ መስታወት እንኳ ሳያይ በሩጫ ወጣ።

ወተት ሻጩ ጂባች በር ላይ ብስክሌቱን ይዞ ቆሞ ነበር። ልጁን በዓይኑ ሸኘውና ኮፍያውን አወለቀ።

"እግዚኦ። መቼ ሞተ?"

"ማን?"

"አባቱ ነዋ! የሻምቡ ልጅ አይደል እንዴ? ቁንጮ ትተህለት የለም እንዴ?"

ቤቻን ቀዘቀዘ። ቁንጮ። እጁን አየው፤ የገዛ እጁን። ያ ብቻውን የሚሄድ እጅ ለሐዘንተኛ ልጅ የሚተወውን ቁንጮ ትቶለታል። ሙልጭ ቢያደርገው ኖሮ ሰው ቢጠረጥርም ቁንጮውን ሲያጣ ቅማል ነው፣ ቁስል ነው፣ ስለት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የሌሎቹ አሥሩ ልጆች አባቶች ቤታቸው ናቸው፤ ቢላጩ ሰው ይስቅባቸዋል እንጂ አያለቅስላቸውም። ቁንጮ ያለው የተላጨ ራስ ግን፣ አባቱ ኳታር ላለ ልጅ፣ መርዶ ነው።

"አልሞተም!" ብሎ ጮኸ። "ጂባች፣ ስማኝ፣ ማንም አልሞተም!"

ጂባች በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። "ገባኝ፣ ወንድሜ፣ ገባኝ። ለእናቱ እስኪነገራት ነው። ከኔ አይወጣም" ብሎ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ጂባች በየቀኑ ሠላሳ ሁለት ቤት ወተት ያደርሳል።

ቤቻን ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው "ፈተና ተጀምሯል፣ ንጉሥ ቢመጣ አላስገባም" አለው። ለምኖት፣ ሰድቦት፣ መልሶ ለምኖት አልሆነም። ስለዚህ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ልጁ ቤት ሳይገባ እናቱን ቀድሞ ማስረዳት። ወደ ማንዳሎች ሰፈር በእግሩ ነጎደ።

እዚህ ላይ ነው የባሰውን ያበላሸው። ምን ነካው? በዚያ ሰፈር ታኩር ሳይጠራ፣ በጠዋት፣ ሽርጡን እንደታጠቀ እየሮጠ ሲመጣ ሰው ምን እንደሚያስብ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ስንት ቤት ራሱ መርዶ አድርሷል! ሩዝ የምታበጥረው አሮጊቷ ጂርያ ገና ከሩቅ ስታየው ወንፊቱን ጥላ ተነሳች። ሁለት ሴቶች ከየበራቸው ወጡ። ሦስት ሆኑ። እሱን ተከትለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እያስጠጉ ይመጣሉ። ዞር ብሎ "ሂዱ ወደየቤታችሁ!" ሲላቸው ጭራሽ አንዷ እሪ አለች።

ቢንዱ የውሃ መሳቢያው ብረት አጠገብ ባልዲ እየሞላች ነበር። አየችው። ከኋላው ያሉትን ሴቶች አየች።

"ካካ፣ ማን ጠራዎት?"

"የፑሽካር እናት፣ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ምንም የለም፣ ሻምቡ ደህና ነው..."

አይ ቤቻን! ደህና ነው ይባላል? እንዲያ ብለው አይደል ሁሌም የሚጀምሩት? የጎረቤቷን ልጅ መርዶ ሲያረዱም መጀመሪያ ደህና ነው ብለው፣ ቀጥሎ ትንሽ አሞታል ብለው፣ ሣጥኑ እስኪመጣ እናቱን ሦስት ቀን አልነበረም ያታለሏት? ቢንዱ ቃሉን አላስጨረሰችውም። ሁለቱን እጆቿን አንስታ በብረቱ ላይ አሳረፈቻቸው። ባል ያላት ሴት የምታደርገው ቀይ የመስታወት አምባር ሁሉ ተሰብሮ ባልዲው ውስጥ ገባ። በፀጉሯ መሃል የተቀባችውን የባለትዳር ቀይ ቀለም በእርጥብ መዳፏ ጠረገችው።

"አልሞተም አልኩሽ! በልጆቼ! አልሞተም!" ቤቻን ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ግቢው በለቅሶ ተሞላ። ስልኳን ነጥቆ ለሻምቡ ደወለለት። ይጠራል፤ አይነሳም። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ያደረ ሰው በዚህ ሰዓት እንዴት ያነሳል? ቤቻን ይህን ሲናገር ጂርያ "አየሽ፣ አይነሳም" ብላ ደረቷን መታች።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፑሽካር ከፈተናው ተመለሰ። በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ሕዝቡ ቁንጮውን ባየ ጊዜ ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ፤ ያመነታ የነበረውም አመነ። ልጁ የእናቱን ባዶ እጆች አየ። በቀጥታ ወደ ቤቻን ዞረ።

"ካካ፣ አባዬ..."

"ምንም አልሆነም! ና ወዲህ ባቡ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ና ይችን ነገር ልቁረጣት" ብሎ ምላጩን ከኪሱ አወጣ። ጂርያ ክንዱን ይዛ ተንጠለጠለችበት። "ዐበድክ? ለአባቱ የተውክለትን ልትቆርጥበት ነው?" ልጁም ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሸሸው። ቤቻን በዕድሜው ሙሉ ምላጭ ይዞ ሰው ሲሸሸው ያ የመጀመሪያው ነው። ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

ከኔ አይወጣም ያለው ጂባች እዚህም እዚያም አውርቶ ኖሯል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ላይ መኪና ቆመና ዳይሬክተር ቪድያናንድ ጃ አራት መምህራን አስከትሎ ገባ። ትምህርት ቤቱ በሐዘኑ ምክንያት ተዘግቷል፤ ተማሪው የአንድ ደቂቃ ጸሎት አድርጓል። ወንበር ቀረበለት። ተቀመጠ። ፑሽካርን ጠርቶ አጠገቡ አቆመው። ትናንት ያረሰውን ራስ አላወቀውም። ጭራሽ አላወቀውም! መዳፉን በተላጨው ራስ ላይ ጭኖ "በርታ ልጄ። አባትህ ለአገሩ የለፋ ሠራተኛ ነበር። አሁን የቤቱ ወንድ አንተ ነህ" አለው።

ቤቻን ከግድግዳው ሥር ተነሳ። አሁን አፉ አልከዳውም።

"እጅዎን ያንሱ።"

"ምን አልክ?"

"እጅዎን ከልጁ ራስ ላይ ያንሱ ነው ያልኩት። አንዴ ነክተውታል፤ ይበቃዋል።"

ለቅሶው ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ቃኘ። "ይሄ ፀጉር ቆራጭ ጠጥቷል እንዴ? ሐዘን ቤት ነው እኮ!"

"የማን ሐዘን? ማን ሞተ? አስከሬኑን ያሳዩኝ! ወረቀት መጥቷል? ስልክ ተደውሏል? ይሄ ልጅ ሐሙስ ጠዋት በሰልፉ ፊት አንገቱን ደፍቀው ያረሱበት ልጅ ነው። ሙልጭ ብለህ ካልመጣህ አትገባም ያሉት ልጅ ነው። እኔ በረንዳዎ ላይ ቆሜ ስለምንዎት አጉል እምነት ነው ያሉኝስ? ቁንጮዋን የተውኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ይቆረጥ። ያስላጩት ግን እርስዎ ነዎት! ዛሬ ደግሞ መኪና አስነስተው የገዛ ሥራዎን ሊያለቅሱ መጡ!"

ዳይሬክተሩ ልጁን አየ። ምናልባት ፊቱን ያየው ያን ጊዜ ነው። አፉን ሊከፍት ሲል የቢንዱ ስልክ ጮኸ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቤቻን አነሳው። የስልኩ መስታወት ላይ አንድ ፂሙ ያደገ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ፊት ብቅ አለ፤ ከኋላው ተደራራቢ አልጋ ይታያል። ሻምቡ ማንዳል ነው፤ ሕያው ሻምቡ፣ እያዛጋ። ቢንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸችና አፏን ያዘች።

"ቤቻን ካካ? እርስዎ ምን ያደርጋሉ እኛ ቤት? ያ ሁሉ ሰው ምንድን ነው? አሥራ ሁለት ጊዜ ተደውሎልኛል።" ዓይኑ ስልኩ ውስጥ ሲፈልግ ልጁ ላይ ደረሰ። "ፑሽካር? ራስህ..." ቀጠለ፤ ቢንዱን አየ። እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ልትደብቅ ሞከረች፤ ዘገየች። ሻምቡ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። የታራይ ሰው ነው፤ የተላጨ ልጅና ባዶ እጅ ያላት ሚስት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

"እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?" አለ።

"ማንም አልሞተም" አለው ቤቻን። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። "ማንም አልሞተም ልጄ። ልጅህ ለምን እንደተላጨ ግን እኔ አልነግርህም። የሚነግርህ ሰው እዚህ አለ።" ስልኩን ዳይሬክተሩ እጅ ላይ አስቀመጠው። ዳይሬክተሩ እምቢ ሊል ነበር፤ ስልኩ ግን ከእጁ ገብቷል፣ ሻምቡም አይቶታል።

ሻምቡ ሰውዬው መምህር መሆኑን በልብሱ ሳያውቅ አልቀረም። አልጋው ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ያደገውን ፂሙን በእጁ ዳበስ አድርጎ፣ ሁለት መዳፎቹን ግንባሩ ፊት ገጥሞ ጎንበስ አለ። "ሰላምታዬ ይድረስዎ ጌታዬ" አለ። "ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?"

ግቢው ውስጥ የመሳቢያው ብረት ውሃ ሲያንጠባጥብ ይሰማል። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። መምህራኑን አየ፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰጡትም።

"ምንም አላጠፋም" አለ፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ።

"ጮክ ይበሉ እንጂ ጌታዬ" አለው ቤቻን። "በሰልፉ ፊት አልነበር የቆረጡት? ሴቶቹ አልሰሙም።"